መዋቢያ የሚወዱ ልጆችን በመዋቢያው እናስተምራቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጆች ስለ ቅባት፣ ስለ ጸጉርና ስለ ከንፈር ቀለም ሲያወሩ ከወላጅም ከመምህርም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት «እሱን ተዉና ትምህርታችሁን አጥኑ» የሚል መልስ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ያ መልስ ብዙ እንደሚያሳጣ ስለምናምን ነው። የአንድ ክሬም ዕቃ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ለመረዳት ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ያስፈልጋሉ። ልጆቹ ደግሞ ማንም ሳያስገድዳቸው ማወቅ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ነገሩ የሴት ልጆች ብቻም አይደለም፤ ስለ ብጉር፣ ስለ ሽቶና ስለ ጸጉር ቅባት የሚጨነቁ ወንዶች ጥቂት አይደሉም።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር መለየት እንፈልጋለን። «አንዲት ልጅ 7 ሊፕስቲክ ነበራት፤ 3ቱን ለጓደኛዋ ሰጠች፤ ስንት ቀራት?» ብሎ መጠየቅ በመዋቢያ ማስተማር አይደለም። ሊፕስቲኩን በደብተር ብንተካው ጥያቄው ያው ነው፤ ልጆችም ይህን ወዲያው ያውቃሉ። ጥሩ ጥያቄ ከዕቃው ራሱ የሚወጣ ነው። ቅባቱ ለምን ተለያየ? ጸጉሩ ዝናብ ሲነካው ለምን ተመልሶ ተጠቀለለ? ባለ 50 የፀሐይ መከላከያ ከባለ 25ቱ እጥፍ ይከላከላል ወይ? መዋቢያውን በሌላ ዕቃ ስንተካው ትርጉም የሚያጣ ጥያቄ ከሆነ ልንይዘው የሚገባው እሱን ነው።

ለጅማሬ የምንመክረው የከንፈር ቅባት ነው። ውሃ ስለሌለበት ባክቴሪያና ሻጋታ በቀላሉ አያድጉበትም፤ አሠራሩም አጭር ነው። አንድ እጅ የንብ ሰም፣ አንድ እጅ የሺያ ቅቤ (ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ስብ)፣ ሁለት እጅ ፈሳሽ ዘይት፣ ሁሉም በክብደት ይለካል። 20 ግራም ለመሥራት 5፣ 5 እና 10 ግራም ማለት ነው። ልጆቹ 35 ግራም እንዲሠሩ ስንጠይቃቸው 8.75፣ 8.75 እና 17.5 ግራም ላይ ይደርሳሉ፤ ንጥጥር የሚባለው ትምህርት እዚህ ላይ እጅ ላይ ይገባል። ሙሉ ግራም ብቻ የሚያሳይ ሚዛን 8.75ን 9 ብሎ ያነበዋል። ስሕተቱ 3 በመቶ ገደማ ስለሆነ እዚህ ብዙም አይጎዳም። 5 ግራም ሰም ላይ ግን የግማሽ ግራም ስሕተት 10 በመቶ ነው፤ ያ ደግሞ ቅባቱን ከንፈር ላይ የሚንሸራተት ወይም የሚጎትት ያደርገዋል። እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የመለኪያ ስሕተትን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

አንዳንዱ ልጅ ዘይቱን በመርፌ ሲሪንጅ ይለካና 10 ሚሊ ሊትር ያስገባል። የአብዛኞቹ የአትክልት ዘይቶች እፍግታ በሚሊ ሊትር 0.92 ግራም ገደማ ስለሆነ የገባው 9.2 ግራም ብቻ ነው። ቅባቱ ከጓደኞቹ ቅባት ጠንከር ያለበትን ምክንያት ራሱ ሲያሰላው እፍግታ ከቀመርነት ወጥቶ የሚዳሰስ ነገር ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በድስት ውስጥ ውሃ ይሞቃል፤ ሙቀት የሚችል ጎድጓዳ ሳሕን ከላዩ ይቀመጣል። ሰሙ ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው፤ ዘይቱ ይከተላል። ሳሕኑ ከእሳት ሲወርድ ሺያው ይጨመርና በቀረው ሙቀት ይቀልጣል። ሁሉም ከቀለጠ በኋላ ንጹሕና ደረቅ ዕቃ ላይ ይገለበጣል። የውሃ ጠብታ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከገባ ከታች ይዘቅጥና ቅባቱ እንዲበላሽ በር ይከፍታል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቅባቱ አሸዋ አሸዋ ካለ ብዙዎች ተበላሽቷል ብለው ይጥሉታል። አልተበላሸም። ሺያ የተለያየ የመቅለጫ ሙቀት ያላቸው ስቦች ድብልቅ ነው። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ቶሎ የሚረጉት ስቦች ቀድመው ለብቻቸው ክሪስታል ይሠራሉ፤ ምላስ ላይ እንደ አሸዋ የሚሰማው ያ ነው። እንደገና ሙሉ በሙሉ ማቅለጥና ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ ማቀዝቀዝ ያስተካክለዋል። የማቀዝቀዝ ፍጥነት በክሪስታል መጠን ላይ ያለው ተጽዕኖ በጂኦሎጂ ትምህርት ስለ ዐለቶች ሲነገር የሚመጣው ያው ሐሳብ ስለሆነ ሁለቱን ማያያዝ ይቻላል።

ቅባቱ በጣም ከጠነከረ ደግሞ አልጀብራ ይመጣል። በ20 ግራሙ ውስጥ 5 ግራም ሰም አለ፤ ይህ 25 በመቶ ነው። ወደ 20 በመቶ ለማውረድ ስንት ግራም ዘይት ይጨመር? 5 ለ(20 ሲደመር ኤክስ) ሲካፈል 0.20 እንዲሆን ኤክስ 5 መሆን አለበት። ልጆች ይህን ስሌት ያለ ግፊት የሚሠሩት መልሱን ወዲያው አቅልጠው ስለሚፈትኑት ነው። የሰሙን ድርሻ 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ አድርገው አራት ናሙና ቢሠሩ፣ እያንዳንዱ የሚለሰልስበትን ሙቀት በቴርሞሜትር ቢመዘግቡና በግራፍ ቢያስቀምጡት ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ሥራ ነው።

ሎሽን ከዚህ ይከብዳል፤ ውሃና ዘይት አንድ ላይ መቆየት አለባቸውና። ለ100 ግራም የሚሆን የተለመደ አቀማመር ውሃ 72፣ ዘይት 21፣ አዋሃጅ ሰም 6፣ መጠበቂያ (ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳያድጉ የሚጨመር ንጥረ ነገር) 1 ግራም ነው። የአዋሃጁ ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውሃን፣ ሌላው ጫፍ ዘይትን ይወዳል፤ የዘይቱን ጠብታዎች ከቦ እርስ በርሳቸው እንዳይገጣጠሙ ይይዛቸዋል። ውሃውና ዘይቱ ለየብቻ እስከ 70 ዲግሪ ገደማ ይሞቃሉ፤ ከዚያ ተደባልቀው እስኪቀዘቅዙ ድረስ ይማሰላሉ። መጠበቂያው ብዙውን ጊዜ ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይገባል፤ ብዙዎቹ መጠበቂያዎች ከፍተኛ ሙቀት ያዳክማቸዋል። ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ከተጨመረ ሰሙ ጠብታዎቹን ሳይከብ ይረጋል፤ በማግስቱ ሎሽኑ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይገኛል። መጠበቂያ ያለውንና የሌለውን በሁለት ግልጽ ዕቃ አሽጎ፣ ሳይከፍቱ ከሳምንት ወደ ሳምንት ማየት ለባዮሎጂ ክፍል ይበቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ሻጋታ በዓይን አለመታየቱ ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የተሠራ ሎሽን ለመታየት እንጂ ለመቀባት አይሁን።

የአሲድና የቤዝ መለኪያ የሆነውን ፒኤችን በተመለከተ አንድ ቀይ ጥቅል ጎመን ይበቃል። ተከትፎ ተቀቅሎ የሚወጣው ሐምራዊ ውሃ አሲድ ሲነካው ወደ ቀይ፣ ቤዝ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። ልጆቹ ቤት ያላቸውን የፊት መታጠቢያ፣ ሻምፖ፣ ሳሙናና የሎሚ ጭማቂ ይፈትሹበት። የቆዳ ላይኛው ገጽ ፒኤች 5 አካባቢ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ከ2 ብዙም አይርቅም፤ የተለመደ ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። መለኪያው ሎጋሪዝም ስለሆነ በ5 እና በ2 መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሳይሆን 1,000 እጥፍ ነው። ፊት ላይ ሎሚ መቀባት ለምን እንደሚያቃጥል ለማስረዳት ከዚህ ወዲያ ንግግር አያስፈልግም። በዚያ ላይ በሎሚ ዓይነት ፍሬዎች ውስጥ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኙ ቆዳን የሚያቃጥሉ ውሕዶች አሉ። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ስለ ደኅንነት ምንም እንደማይናገር ልጆች ራሳቸው የሚደርሱበት በዚህ መንገድ ነው።

የጸጉር ጥያቄም ከዚሁ ይቀጥላል። ጸጉር ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ከቆዳ በላይ ያለው ክፍል ሕይወት የለውም። ቅርጹን የሚይዙት ደካማ የሃይድሮጅን ትስስሮችና ጠንካራ የድኝ ትስስሮች ናቸው። ውሃና ሙቀት የሚነኩት ደካማዎቹን ብቻ ስለሆነ በካውያ የተተኮሰ ጸጉር እርጥበት ሲያገኘው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ማለስለሻ ግን ፒኤቹ 12 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የድኙን ትስስር ለዘለቄታው ይቀይራል። ተጽፎ ከተሰጠው ደቂቃ በላይ ሲቆይ ጸጉሩ የሚበጣጠሰውና የራስ ቆዳ የሚቆስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ፀሐይ መከላከያው እንምጣ፤ ለሒሳብ መምህራን ትልቁ ሀብት ያለው እዚህ ነው። ኤስፒኤፍ 25 የተባለ ክሬም ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 1 ለ25ኛውን ያሳልፋል፤ ስለዚህ 96 በመቶውን ያግዳል። ባለ 50ው 1 ለ50ኛውን ስለሚያሳልፍ 98 በመቶ ያግዳል። ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ጥበቃው የጨመረው በ2 ነጥብ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ቆዳው ላይ የሚደርሰው ጨረር በግማሽ ቀንሷል። ሁለቱም አነጋገር እውነት ነው፤ ማስታወቂያ የትኛውን እንደሚመርጥ ማሰብ የልጆቹ ሥራ ይሁን። የዚህ ግራፍ መጀመሪያ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ኋላ ሲጋደም ማየት ስለ ተገላባጭ ፈንክሽን ከሰሌዳ ላይ ከሚሰጥ ማብራሪያ የበለጠ ያስተምራል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ክሬሙ በላቦራቶሪ በተፈተነበት መጠን ሲቀባ ነው፤ መጠኑም በካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊ ግራም ነው። የአንድ ሰው ፊት 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ለአንድ ጊዜ 1.2 ግራም ያስፈልጋል። 50 ግራም የያዘ ዕቃ ታዲያ ለ41 ጊዜ ይበቃል፤ በቀን ሁለቴ ለሚቀባ ሰው 20 ቀን ማለት ነው። ያው ዕቃ ሦስት ወር ከቆየለት በአንድ ጊዜ የሚቀባው 0.28 ግራም፣ ማለትም ከሚገባው ሩብ ያነሰ ነው። ልጆቹ የራሳቸውን ዕቃ ዛሬ መዝነው፣ ከሳምንት በኋላ ደግመው ቢመዝኑ ማንም ሳይነግራቸው መልሱን ያገኙታል። የፊታቸውን ስፋት ለማግኘት ስስ ወረቀት በቁርጥራጭ ፊት ላይ አልብሰው፣ ቁርጥራጮቹን በካሬ ወረቀት ላይ ዘርግተው ካሬዎቹን ይቁጠሩ።

የጸጉር ቀለም በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ «ባለ 10፣ ባለ 20፣ ባለ 40» የሚባለው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ደግሞ የአሥራ አንደኛ ክፍል ስሌት ነው። ቁጥሩ አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ ውሃና ኦክስጅን ሲከፋፈል ስንት ሊትር ኦክስጅን እንደሚለቅ ይናገራል። 3 በመቶው በሊትር 30 ግራም አለው፤ 30ን ለ34 (የአንድ ሞል ክብደት በግራም) ስናካፍል 0.88 ሞል ይሆናል። ከሁለት የፐሮክሳይድ ሞለኪውል አንድ ኦክስጅን ስለሚወጣ 0.44 ሞል፤ በ22.4 (በ0 ዲግሪ የአንድ ሞል ጋዝ ይዘት በሊትር) ሲባዛ 9.9 ሊትር። 3 በመቶው «ባለ 10» የተባለው ለዚህ ነው፤ 6 በመቶው ባለ 20፣ 12 በመቶው ባለ 40 ነው። መነጽር አድርገው፣ 10 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶውን ከቁንጥር ደረቅ እርሾ ጋር አገናኝተው ጋዙን ውሃ በሞላበትና በተገለበጠ መለኪያ ቢሰበስቡ፣ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ክፍል 108 ሚሊ ሊትር ገደማ መውጣት ነበረበት። በጣም ካነሰ ወይ ጋዝ አምልጧል፣ ወይ ፈሳሹ በመደርደሪያ ላይ ቆይቶ ደክሟል። ከ3 በመቶ በላይ ያለውን ግን ለልጆች እጅ አንስጥ፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

የዕቃው ጀርባ ላይ ያለው ዝርዝር የንባብ ትምህርት ነው። በብዙ አገሮች ሕግ ንጥረ ነገሮች ከብዙ ወደ ጥቂት በክብደት ይደረደራሉ፤ ከ1 በመቶ በታች ያሉት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። ፌኖክሲኤታኖል የተባለው መጠበቂያ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ስለተገደበ፣ በሕጉ መሠረት በተሠራ ዕቃ ላይ ከማቅለሚያዎች በስተቀር ከእሱ በኋላ የተጻፈ ሁሉ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ፊት ለፊት በትልቁ ሥዕሉ የተሣለው ተክል ከዚያ መስመር በታች ከሆነ፣ በ50 ግራም ውስጥ ያለው ቢበዛ ግማሽ ግራም ነው። የተክሎቹ ስም በላቲን መሆኑም ለባዮሎጂ ይጠቅማል። ሺያ በዕቃዎች ላይ የሚጻፈው ቡቲሮስፐርሙም ፓርኪ ተብሎ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ዛሬ የሚጠሩት ግን ቪቴላሪያ ፓራዶክሳ ብለው ነው። ሳይንሳዊ ስም ለምን እንደሚቀየር ለመወያየት ጥሩ መነሻ ነው።

«ከተጠቃሚዎች 80 በመቶው ቆዳቸው እንደለሰለሰ ተናግረዋል» የሚለው ማስታወቂያ ከታች በትንሽ ፊደል 40 ሰዎች እንደተጠየቁ ሊናገር ይችላል። 0.8 በ0.2 ተባዝቶ ለ40 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ 0.063 ነው፤ ለ95 በመቶ እርግጠኝነት በሚወሰደው 1.96 ስናበዛው 12 ነጥብ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይሆናል። እውነተኛው ቁጥር ከ68 እስከ 92 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። ማነጻጸሪያ ቡድን ከሌለ ደግሞ ተራ ቫዝሊን የተቀቡ ሰዎች ምን ይሉ እንደነበር አናውቅም። ልጆቹ ራሳቸው በሁለቱ ክንዶቻቸው ላይ ሁለት ሎሽኖችን ማወዳደር ይችላሉ፦ የትኛው የትኛው ክንድ ላይ እንደሚቀባ በሳንቲም ይወሰን፣ ዕቃዎቹ ስማቸው ይሸፈን፣ ውጤቱን የሚመዘግበው የትኛው የት እንደተቀባ የማያውቅ ሰው ይሁን። የላይኛው ቆዳ ራሱን የሚያድሰው በአራት ሳምንት ገደማ ስለሆነ በሦስት ቀን ፍርድ አይሰጥ።

ታሪክንም በአጭሩ እንጥቀስ። ኬሚስቱ ዊሊያም ሄንሪ ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1856 የወባ መድኃኒት ሲፈልግ ሐምራዊ ቀለም ያገኘው በ18 ዓመቱ ነው፤ ዘመናዊ የጸጉር ቀለምም ከዚያ በተነሣው የቀለም ኬሚስትሪ ላይ የቆመ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ቀለም ሴቶችን አሳውሯል፤ በዚያ ጊዜ ግን መዋቢያን የሚቆጣጠር የፌዴራል ሕግ አልነበረም። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ሥነ ዜጋ የሚያስተምሩ መምህራን ስለ ሕግ አወጣጥ ሲናገሩ ልጆቹ ይህን አይረሱም።

ማንም እንዳይሳሳት ከክፍልም ከቤትም ውጪ ሊሆኑ የሚገባቸውን እንናገር። የፀሐይ መከላከያ በቤት አይሠራ፤ ያለ ላቦራቶሪ ቁጥሩን ማወቅ አይቻልም። የዓይን መዋቢያ በቤት አይሠራ፤ ለሌላ ሰውም አይዋስ። ሳሙና በወረቀት ይሰላ እንጂ ያለ አዋቂ አይሠራ። ስሌቱ ራሱ ምክንያቱን ያሳያል፦ አንድ ግራም የኮኮናት ዘይት ወደ ሳሙና ለመለወጥ 0.183 ግራም ገደማ፣ የወይራ ዘይት ግን 0.135 ግራም ገደማ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል። ለ500 ግራም ኮኮናት የተሰላውን 91.5 ግራም በወይራ ዘይት ላይ የጨመረ ሰው 24 ግራም ያህል የሚያቃጥል ነገር ሳሙናው ውስጥ ይተዋል። ማንኛውም አዲስ ቅባት ፊት ከመድረሱ በፊት ክንድ ውስጠኛው በኩል ትንሽ ተቀብቶ እስከ 48 ሰዓት ይታይ።

በመጨረሻ ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞችን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም፤ ልጆች የሚጠይቁት ይህንን ነውና፣ መልሱም ከባዮሎጂ ይጀምራል። ጥቁር ቆዳም ነጭ ቆዳም ያላቸው ሰዎች ሜላኒን የሚሠሩት ህዋሶቻቸው ቁጥር ተቀራራቢ ነው፤ የሚለየው ሜላኒን የያዙት ቅንጣቶች መጠን፣ ብዛትና አቀማመጥ ነው። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም የሜላኒንን አሠራር ያግዳል፣ በቆዳ በኩል ገብቶም ኩላሊትን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው፣ ሜርኩሪን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት መጀመሪያ ከሚሊዮን 1 ክፍል በላይ ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ከልክሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው ጉባኤ ደግሞ ገደቡ ተነሥቶ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. እንዲቀር ተወስኗል። ልጆቹ ያስሉት፦ በ50 ግራም ክሬም ውስጥ ከሚሊዮን 1 ክፍል 0.05 ሚሊ ግራም ነው፤ ከሚሊዮን 10,000 ክፍል ግን ግማሽ ግራም ነው። ዝርዝሩ ላይ ካሎሜል፣ ሜርኩሪክ፣ ሜርኩረስ ወይም ሜርኩሪዮ የሚል ቃል ካለ፣ ወይም ከነአካቴው ዝርዝር ከሌለው፣ ወይም ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጌጥ ጋር እንዳይነካካ የሚያስጠነቅቅ ከሆነ አይቀባ። ዕቃው ተከድኖ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸግ፣ ከቤት ቆሻሻ ጋር ሳይጣል ለጤና ባለሙያ ይሰጥ። ሲቀባ የቆየ ልጅ ካለም ሐኪም የሽንት ምርመራ እንዲያዝለት ይጠየቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን